ጥያቄና መልስ፦ የሚሽከረከር ሻፍትን በዘይት ግፊት ስለ ማቆም

ሰላም ለሁላችሁ። በተባባልነው መሠረት ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥያቄ እቀበላለሁ። ርእሳችን አንድ ነው፤ የሚሽከረከርን ሻፍት፣ ማለትም የማሽኑን ዘንግ፣ በድንገት የሚያቆም የዘይት ግፊት ፍሬን። ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁት እሱን ነው። አሁንም ደብረ ማርቆስ ባለችው ወርክሾፔ ቀን ከሌት የምታገለው ከእሱ ጋር ነው። ስትጠይቁ የማሽኑን ዓይነት፣ የሻፍቱን ፍጥነትና የዘይቱን ግፊት ጻፉልኝ። ያለ እነዚህ የምሰጠው መልስ ግምት ይሆናል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ግፊት ያለበትን ቧንቧ ማንም አይፍታ። መጀመሪያ ግፊቱን አፍስሱ፣ መለኪያው ዜሮ ማለቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ቁልፍ አንሡ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ አትሰልቹ።

ከፍኖተ ሰላም፣ ጀማሪ ቴክኒሻን፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የዘይት ፍሬን ሲባል የሚይዘው ዘይቱ አይደለም እንዴ? አለቃችን ግን ዘይቱ ሲጠፋ ነው የሚይዘው ይላሉ። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ አለቃህ ልክ ናቸው። ሻፍቱ ላይ የታሰረውን ዲስክ የሚጨብጠው ሞላ ነው። ሞላው ሁልጊዜ ለመያዝ እንደተዘጋጀ ነው። ዘይቱ ግፊት ሲያገኝ ፒስተኑን ገፍቶ ሞላውን ይጨምቀዋል። ሸራው፣ ማለትም ዲስኩን የሚፈትገው ክፍል፣ ከዲስኩ ይላቀቃል፤ ሻፍቱ ይዞራል። ቀዩን የድንገተኛ ማቆሚያ ቁልፍ ስትመታ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሶሌኖይድ ቫልቭ መብራት ያጣል፤ ዘይቱን ወደ ታንከሩ ይለቀዋል። ያኔ ሞላው ይይዛል። ቧንቧ ቢፈነዳ ይይዛል። ፓምፕ ቢቃጠል ይይዛል። መብራት ቢሄድም ይይዛል።

የሲኖትራክን የኋላ ፍሬን አስብ። ንፋሱ ሲያልቅ መኪናው አልንቀሳቀስ ይላል፤ ሹፌሩ ንፋስ እስኪሞላ ይጠብቃል። እኛ ጋ በንፋሱ ቦታ ዘይት ገባ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ሞላው ይይዛል፣ ዘይቱ ይለቃል። ተቃራኒውም አለ፤ ዘይት ሲመጣ የሚይዝ፣ ዘይት ሲጠፋ የሚለቅ። እሱ ለዘወትር ማቆሚያ ያገለግላል። ለድንገተኛ ማቆሚያ ግን ብቻውን እምነት አይጣልበትም። ማሽን ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን።

ከደጀን፣ ሹፌር፦ ጋሼ ይቅርታ ልግባ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ባለ ሞላ ፍሬን እያለ ስንቱ መኪና ገደል ገብቷል። ሞላው ምን ፈየደ ታዲያ?

ከደብረ ማርቆስ፣ መካኒክ፦ ወንድሜ፣ እሱ የሞላው ጥፋት አይደለም። ያን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባህ ፍሬን እየረገጥክ ከወረድክ ሸራው ይግላል።

ከደጀን፣ ሹፌር፦ እኔ ያን ቁልቁለት 15 ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ማርሽ እኔን ታስተምረኛለህ? ችግሩ ጭነቱ ነው። ከልክ በላይ ይጭኑና ሹፌሩን ይወቅሳሉ።

ከደብረ ማርቆስ፣ መካኒክ፦ ጭነትም ይሁን ማርሽ፣ የጋለ ሸራ አይዝም። እኔ ያልኩት ይህንን ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም እዚህ ላይ ይብቃችሁ። የመኪናውን ነገር ሌላ ቀን እናነሣዋለን። ለማሽን የሚጠቅመውን ልውሰድ፤ ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል የመጨበጥ ጉልበቱ ይደክማል። ድንገተኛ ማቆሚያን በቀን 40 ጊዜ እንደ ተራ ማጥፊያ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ቀዩ ቁልፍ ለክፉ ቀን ነው።

ከእንጅባራ፣ የጥገና ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ የኛ ፍሬን አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ማሽን ነው? በደቂቃ ስንት ዙር? የዘይቱ ግፊት ስንት ባር? ጭራሽ አይዝም ወይስ ዘግይቶ ይይዛል? ልጄ፣ "አይሠራም" ብለህ ጽፈህልኝ ከዚህ ሆኜ ምን ላይልህ እችላለሁ?

ከመርዓዊ፣ ባለ ማሽን፦ የኔም ፍሬን አይዝም፣ መፍትሔ ካለ።

መልስ፦ አሁን የጻፍኩትን አንብብ።

ከቢቸና፣ ወፍጮ ቤት ያላት፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ? የናፍጣ ወፍጮ አለኝ፤ በቺንጊያ የሚሠራ። ባለፈው የአንዲት ሴት ነጠላ ፑሌጃው ሊይዘው ለጥቂት ተረፈች። የእርስዎን የዘይት ፍሬን ላስገጥም?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር አተረፋት። ቀጥታ ልንገርሽ፤ አንቺ የዘይት ፍሬን አያስፈልግሽም። ገንዘብሽን አታባክኚ። የሚያስፈልግሽ ሽፋን ነው። ነገ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ጥሪና ቺንጊያውንና ሁለቱንም ፑሌጃ በላሜራና በወንፊት ሽቦ አስከድኚ። ወንፊቱ ጣት የማያስገባ ይሁን። ወፍጮው እየዞረ እጅ ወይም ልብስ የሚገባበት ክፍተት አይኑር። እህል የሚያስፈጩት ሰዎች የሚቆሙበትን ቦታ በአጥር ለዪው። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ማቋረጫውን ገመድ አስረዝመሽ አንቺ በምትቆሚበት አጠገብ አድርጊው። ከዚያ ገመዱን ሳቢና ወፍጮው ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚቆም ቁጠሪ።

ለምን ፍሬን አይደለም እንዳልኩ ሁላችሁም ስሙ። ለምሳሌ የትራክተር የኋላ ሻፍት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 9 ዙር ማለት ነው። ነጠላ ወይም ጋቢ ለመጠቅለል ሁለት ዙር ይበቃዋል። ሰው ደንግጦ ቀዩን ቁልፍ እስኪመታ አንድ ሰከንድ ካለፈ 9 ዙር አለፈ። ሽፋን የሌለውን ሻፍት የትኛውም ፍሬን አይቀድመውም።

ከሞጣ፣ ቶርኖ ቤት፦ የመኪና ፍሬን ካሊፐርና ማስተር ሲሊንደር ገዝቼ በማሽን ሻፍት ላይ ላስር አስቤ ነበር። ዘይቱ ላይ ግን ሃይድሮሊክ 46 ላድርግ ወይስ የመኪናውን የፍሬን ዘይት?

መልስ፦ ሁለት ስሕተት። አንደኛ፣ የመኪና ካሊፐር ዘይት ሲመጣ የሚይዝ ዓይነት ነው። ቧንቧው ቢቀደድ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ሁለተኛ፣ የካሊፐሩ ላስቲክ የተሠራው ለመኪና ፍሬን ዘይት፣ ለዶት 3 እና ዶት 4 ነው። ሃይድሮሊክ ዘይት ስታስገባበት ላስቲኩ ያብጣል፤ ፒስተኑ ይነክሳል። በተቃራኒውም ዶት 4ን ሃይድሮሊክ ሲሊንደር ውስጥ ብታፈስ የዚያን ጎሚኒ ይበላዋል። አትቀላቅል።

ከእንጅባራ፣ የጥገና ሠራተኛ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ሙሉውን ልጻፍ። ማሽኑ የባሕር ዛፍ እንጨት መክተፊያ ነው፤ ከባድ ከበሮ አለው። በደቂቃ 600 ዙር። ፍሬኑ ባለ ሞላ፣ ማላቀቂያ ግፊቱ 120 ባር። ይይዛል፤ ግን ዘግይቶ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይባስበታል።

መልስ፦ አየህ፣ አሁን ተግባባን። "ጠዋት ይባስበታል" ያልከው ቃል ግማሹን መልስ ይዟል።

ሰው ሁሉ ስለ ዘይት ፍሬን ሲያስብ ዘይቱ ስለሚገባበት መንገድ ነው የሚያስበው። ፓምፑን ያያል፣ ግፊቱን ያያል። የባለ ሞላ ፍሬን ነፍስ ያለው ግን ዘይቱ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። ዘይቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ሞላው መያዝ አይችልም። መውጫው ጠባብ ከሆነ ይዘገያል። ረጅም ከሆነ ይዘገያል። ክርን የበዛበት ከሆነ ይዘገያል። ዘይቱ ከወፈረ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። 46 የሚባለው ዘይት ቁጥሩን ያገኘው በ40 ዲግሪ ሙቀት በሚኖረው ውፍረት ነው። በ10 ዲግሪ ውፍረቱ 5 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የጠዋቱን ብርድ አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ሦስት ነገር እይልኝ።

የፍሬኑ መመለሻ ቧንቧ ብቻውን ነው ወደ ታንከር የሚሄደው ወይስ ከእንጨት መሳቢያው ሞተር መመለሻ ጋር ተገናኝቷል? ከተገናኘ የሌላው ዘይት ወደ ኋላ ይገፋል። ፍሬኑ ላይ የሚቀረው ጥቂት ግፊት እንኳ ከሞላው ጉልበት ላይ ይቀንሳል። የመመለሻ ፊልትሮ በዚያ መንገድ ላይ ካለም ሲደፈን ያው ነው። መንገዱ ላይ ፈጣን መጋጠሚያ አለ? ብዙዎቹ ውስጣቸው ጠባብ ነው። አየርስ አለው? አየር ሲጨመቅ ይቆይና ግፊቱ ሲለቀቅ እየተነፋ ዘይቱን ይገፋል፤ ያም ጊዜ ይበላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሰዓት ያዝ። ቀዩን ቁልፍ ከመታህበት እስከቆመበት ስንት ሰከንድ? ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ። ቁጥሩን አምጣልኝ። ከበሮው አጠገብ ማንም እንዳይቆም። ቧንቧ ከመፍታትህ በፊት ደግሞ ግፊቱን አፍስስ።

ከቡሬ፣ ኤሌክትሪሻን፦ እኔ ግን አልስማማም ጋሼ። በዚህ ዘመን የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተርና የፍሬን ሬዚስተር እያለ ዘይት ምን ያደርጋል? ይንጠባጠባል፣ ይቆሽሻል። በኤሌክትሪክ አቁሞ መገላገል ነው።

ከዳንግላ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፦ የኛ ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ አብሮ ይሞታል። ማሽኑ ዝም ብሎ ይዞራል።

ከቡሬ፣ ኤሌክትሪሻን፦ እሱ አሠራሩን ስላላወቃችሁበት ነው። ኢንቨርተሩ የሚሽከረከረውን ክብደት ራሱን እንደ ጄኔሬተር ተጠቅሞ ሊያቆመው ይችላል።

መልስ፦ የቡሬው ወንድሜ ያለው ውሸት የለበትም። በኤሌክትሪክ ማብረድ ጥሩ ነው፤ ሸራም ይቆጥባል። እኔም አብሬ እጠቀምበታለሁ። ግን ሞተሩንና ሻፍቱን የሚያገናኘው ካፕሊንግ ቢሰበርስ? ኢንቨርተሩ ባዶ ሞተር ነው የሚያቆመው። ቺንጊያው ቢበጠስም እንዲሁ። የመጨረሻው ፍሬን አደጋው ያለበት ሻፍት ራሱ ላይ መሆን አለበት። ከማርሹ በፊት ባለው ፈጣን ሻፍት ላይ ብታስረው ትንሽና ርካሽ ፍሬን ይበቃሃል፤ ማርሹ ሲሰበር ግን ፍሬኑ በአንድ በኩል፣ ጭነቱ በሌላ በኩል ይቀራል። በዚህ አልደራደርም።

ከዳንግላ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፦ ጋሼ እግረ መንገዴን፣ መብራት በሄደ ቁጥር ፍሬኑ ጥርቅም ያደርጋል። ሥራ ይበላሻል። ልጆቹ ሞላው ላይ ሽብልቅ እየከተቱ እንዳይይዝ ያደርጉታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዛሬውኑ ሽብልቁን አውጡ። ነገ አትበሉ። ያ ፍሬን የተሠራው ለዚያች ደቂቃ ነው። ጥርቅም ማለቱ ማርሹንና ማርሹን ከሻፍቱ ጋር የሚያያይዘውን ኪይ እየጎዳ ከሆነ መፍትሔው ባለ ሁለት ደረጃ ማቆሚያ ነው። አኩሙሌተር (በጋዝ እየተገፋ የዘይት ግፊት የሚያጠራቅም ጋን) የያዘው ዘይት መብራት ከሄደ በኋላም ግፊቱን ቀስ እያለ እንዲለቅ ይደረጋል፤ ሞላውም ቀስ እያለ ይይዛል። ይህ በስሌት የሚሠራ ሥራ ነው። በሽብልቅ አይሠራም።

አኩሙሌተር ካነሣሁ አይቀር፣ የሚሞላው ናይትሮጅን ብቻ ነው። ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞላም፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ብየዳ ቤት ያለው ሲሊንደር ቅርብ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩ። ሌላው ደግሞ፣ ፓምፑ ቢጠፋም አኩሙሌተሩ ግፊት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አፍስሱ፣ መለኪያውን እዩ።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ፦ ዶክተር፣ የጢስ ዓባይንና የጣና በለስን ተርባይኖችስ በምን ያቆሟቸዋል? በዚሁ ፍሬን ነው?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም፤ ጥያቄህ ግን ደስ አሰኝቶኛል። ጢስ ዓባይ 1 ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጣና በለስ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 4 ፍራንሲስ ተርባይኖች፣ በድምሩ 460 ሜጋ ዋት። እንዲህ ያለውን ሻፍት በሙሉ ፍጥነቱ በፍሬን ልያዝ ብትል ሸራው እሳት ይሆናል። መጀመሪያ የሚቋረጠው ውሃው ነው። በተርባይኑ ዙሪያ እንደ መስኮት መዝጊያ የሚዞሩ ክንፎች አሉ። የሚዘጋቸው የዘይት ሲሊንደር ነው። የዘይቱ ግፊት በታንከር ተጠራቅሞ ስለሚጠብቅ ጣቢያው መብራት ቢያጣም ክንፎቹ ይዘጋሉ።

መስመሩ ድንገት ሲቋረጥ ጄኔሬተሩ የሚሸከመው ስለሌለ ፍጥነቱ ይሸሻል። ታዲያ ለምን ክንፎቹን በቅጽበት አይዘጉም? ውሃው ነዋ። ወደ በለስ የሚሄደው የጣና ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ይጓዛል። ያን ሁሉ የሚሮጥ ውሃ በአንዴ ብትዘጋበት ግፊቱ ቧንቧውን ይመታዋል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ላይ ዘይቱን የሚያጠብ ቀዳዳ አለ፤ የመዝጊያውን ሰከንድ የሚወስነው እሱ ነው። የእንጅባራው ልጅ ችግር የሆነበት ጠባብ መንገድ እዚህ ሆን ተብሎ ይሠራል።

ፍሬኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱ ከሙሉው ወደ 20 ወይም 30 በመቶ ሲወርድ። ያኔም የሚያስፈልገው ትልቁን የክብደት ተሸካሚ ኩሽኔታ ለማትረፍ ነው። ሻፍቱ በጣም ቀስ ብሎ ሲዞር በኩሽኔታው መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ይሳሳል፤ ብረት ከብረት ይነካካል። ያን ቀርፋፋ ጊዜ ለማሳጠር ነው ፍሬኑ የሚይዘው።

ከደብረ ኤልያስ፦ ዋጋው ስንት ነው? የት ይገኛል?

መልስ፦ ዋጋ እዚህ አላወራም።

ከመርዓዊ፣ ባለ ማሽን፦ አንብቤያለሁ ጋሼ። የኔ በሃይድሮሊክ ሞተር የሚዞር ነው። ቫልቩን ስዘጋው ይቆማል፤ ከዚያ በጭነቱ ቀስ እያለ ይንሸራተታል።

መልስ፦ ጎበዝ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። ሃይድሮሊክ ሞተር በውስጡ ሁልጊዜ ጥቂት ዘይት ያሾልካል። በቫልቭ ብቻ ጭነት ይዞ አያድርም። ሻፍቱ ላይ ባለ ሞላ ፍሬን ጨምርበት። ቫልቩን ድንገት ስትዘጋ ግፊቱ ሰማይ እንዳይነካ ደግሞ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይኑርህ።

ከፍኖተ ሰላም፣ ጀማሪ ቴክኒሻን፦ ስንት ጉልበት ያለው ፍሬን እንደሚያስፈልግ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በእንጅባራው ከበሮ እናስላው። ኢነርሺያው፣ ማለትም አዟዟሩ እንዳይለወጥ ያለው እምቢታ፣ 40 ኪሎግራም ሜትር ስኩዌር ነው እንበል። 600 ዙር በደቂቃ ማለት 62.8 ራዲያን በሰከንድ ነው። ያዘለው ጉልበት 79 ኪሎ ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ 4 እጥፍ ነው፤ ይህን አትርሳ። በ3 ሰከንድ ይቁም ካልን 840 ኒውተን ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ሸራው ከማዕከሉ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢይዝ፣ ፍትጊያው 0.4 ቢሆን፣ በሁለት ፊት ሲጨብጥ በእያንዳንዱ ፊት 4,200 ኒውተን ነው። የ430 ኪሎ ክብደት ያህል። እኔ በዚህ ላይ እጥፍ አደርጋለሁ፤ ሸራ ያረጃል፣ ሞላም ይደክማል።

አሁን ዙሩን ቁጠር። ዘይቱ ለመውጣት ግማሽ ሰከንድ ከፈጀ 5 ዙር አለፈ። በ3 ሰከንድ ውስጥ እየቀነሰ ሲቆም ሌላ 15 ዙር። በድምሩ 20። ለቢቸናዋ እህቴ ስለ ሽፋን የነገርኳት ለዚህ ነው።

እና ዘይት ሸራ ላይ ካረፈ ያ 0.4 የለም። አንድ ስሙን የማልጠራው ፋብሪካ ጠርተውኝ ሄጄ፣ ግፊቱ ልክ፣ ሞላው ልክ፣ ሻፍቱ ግን 11 ሰከንድ ይዞራል። ከዓመት በፊት 3 ሰከንድ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ተጽፏል። ዲስኩን በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ቡናማ ሆነ። አጠገቡ ያለው ፓራዎሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎሚኒ) እያፈሰሰ ነበር። እሱን ቀይረን፣ ሸራውን ቀይረን 5 ሰከንድ ሆነ። አሁንም አላረካኝም። የማፍሰሻ ቫልቩን ፈታሁት። ውስጡ ከጥፍር የማትበልጥ ነጭ የቧንቧ ጥርስ ማሸጊያ ቴፕ ተሰንቅራ አገኘሁ። አንድ ሰው መጋጠሚያ ሲያስር የተረፈችው ናት። እሷን በካቻቪቴ ጫፍ ሳወጣ የማሽኑ ሠራተኛ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ባለፈው ሳምንት የተቀደደውን የቱታውን እጅጌ አሳየኝ። እስከ ክርኑ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሃይድሮሊክ መስመር ላይ ቴፕ የሚጠቀም ሰው አልቀጥርም።

ከደምበጫ፣ ኦፕሬተር፦ ቧንቧው በጣም ቀጭን ነገር ያፈሳል፤ ከየት እንደሆነ አይታይም። በእጄ ልዳስሰው?

መልስ፦ እንዳትነካው! በ100 ባር ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን በረጅም እንጨት ይዘህ አሳልፍበት፤ ካርቶኑ ላይ ይታይሃል። ከዚያ አጥፋ፣ ግፊቱን አፍስስ፣ ቧንቧውን ቀይር። እጁ ላይ የገባበት ሰው ካለ፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም፣ ባያመውም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። "ግፊት ያለው ዘይት ገባብኝ" ብሎ ለሐኪሙ ይንገር። የሚድነው በቀዶ ጥገና ነው፤ ባደረ ቁጥር እጅ ያሳጣል።

ከሉማሜ፦ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ማሽኑ በራሱ ይነሣል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ቀዩ ቁልፍ ተጭኖ መቅረት አለበት። አዙረህ ስትለቀው ማሽኑ ዝም ይበል፤ የሚነሣው በማስነሻው ብቻ ነው። ዛሬ ኤሌክትሪሻን ጥራ። እስከዚያው ማሽኑን አታስነሣ።

ከእንጅባራ፣ የጥገና ሠራተኛ፦ ጋሼ ቆጠርኩት። ጠዋት በስልክ ቪዲዮ ቀድቼው ስለነበር 9 ሰከንድ ነው። አሁን ከሰዓት 6። መመለሻው ከመሳቢያው ሞተር ጋር የተገናኘ ነው። ግፊቱን አፍስሼ፣ ዜሮ መሆኑን አይቼ ለየሁት። በሰፊ ቱቦ ለብቻው ታንከር ከተትኩት። አሁን 4 ሰከንድ ሆነ።

መልስ፦ ተባረክ። ነገ ጠዋት ሳይሞቅ ድገመው። ከ4 ብዙ ካልራቀ መመለሻው ነበር ማለት ነው። ከራቀ ዘይቱን ከ46 ወደ ቀጭኑ 32 ስለ መቀየር እናወራለን፤ ከዚያ በፊት ግን የፓምፑን መመሪያ እይ፣ 32 የማይፈቅድ ፓምፕ አለ። ሦስቱንም ቁጥር ከነቀኑ በቀለም የመቆጣጠሪያው ሳጥን በር ላይ ጻፈው። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንድ መስመር ጨምርበት።